ቶማ ቦልቴና ጆሮ የሚወስደው መርፌ

ቶማ ቦልቴ ከሞተ ባለፈው ወር ዓመት ሞላው። ቦዲቲ መናኸሪያ ገብታችሁ ብትጠይቁ፣ ተራ አስከባሪ እንደነበረ ነው የሚነግሯችሁ። «ሶዶ! ሶዶ! ሁለት ሰው የቀረው ሶዶ!» ብሎ ሲጣራ፣ ገበያ ውስጥ ዝንጅብል የምትመዝን ሴት ሚዛኗን ትታ ትሮጥ ነበር ይላሉ። እውነት ነው። ታሞ ከተነሣ በኋላ የሠራውን ግን የሚያውቁት ያ መርፌ የገባበት ቤት ሰዎች ናቸው። የኔ ቤት አንዱ ነው።

እኔ ፈጠነች እባላለሁ፤ የሶዶ ሰው ነኝ። ባለቤቴ ተድላ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ገበያው ዳር ጨርቅ ይነግድ ነበር። አባቱ ከጉራጌ አገር መጥቶ እዚሁ ወልዶ እዚሁ ያረጀ ሰው ነው። ተድላ ሲሞት ሱቁን የሚረከብ ጠፋ። የመጨረሻው ልጄ ቸርነት ጨርቅ መለካት ሞቴ ነው አለ። ከልጅነቱ ሞተር ነበር የሚወደው። አድጎ የባጃጅ ጥገና ከፈተ፤ ሰው ከአረካም ከቦሎሶም ይመጣለት ነበር። አሠራሩ ልዩ ነው። ባጃጁ ሲመጣለት መፍቻ አያነሣም። «አስነሣው» ይላል፤ ከዚያ «ዝም በሉ» ይላል፤ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። «ኩሽኔታው ነው» ይላል። ይከፈታል፤ ኩሽኔታው ነው። ባለ ባጃጆቹ «የቸርነት ጆሮ ሐኪም ነው» ይሉ ነበር።

ኮሮና ሊመጣ ዓመት ግድም ሲቀረው ልጄ ሳል ያዘው። ቲቢ ነው አሉን፤ ስድስት ወር መድኃኒት ወሰደ፤ አልተሻለውም። እንደገና አክታውን መረመሩና በሽታው መድኃኒቱን ተላምዶታል አሉ። አዲሱ ሕክምና ከባድ ነበር። እፍኝ የሚሞላ ክኒን፣ በዚያ ላይ በየቀኑ ጠዋት ጠዋት መርፌ፤ መርፌው ብቻ ስምንት ወር። ልጄ ከሳ፤ ሱሪው በገመድ ነበር የሚቆመው። ምግብ አፉ አልገባ ሲል ቆጮ በዳጣ እሰጠው ነበር፤ ቃሪያው ሲያቃጥለው ትንሽ ይበላል፤ ከዚያ ያስመልሰዋል። ግን ሳሉ ቀነሰ። እኔ የምቆጥረው ሳሉን ነበር።

በሦስተኛው ወር መጀመሪያ ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቀ፣ «እማዬ፣ ጆሮዬ ውስጥ ፌንጣ አለ» አለኝ።

«ምን ፌንጣ?»

«ይጮሃል። ሲሪሪሪ ይላል፤ አያቆምም።»

እኔ ምን አልኩት? ዝም በል አልኩት። ለማንም እንዳትናገር አልኩት። አብሮት መድኃኒት የሚወስድ ዘማሪ የሚባል የቦዲቲ ልጅ ነበር። ክኒኑ አስመለሰኝ ብሎ አቋረጠ፤ መስቀልን ሳያይ ቀበርነው። እኔም ጆሮው እንደታመመ ከሰሙ ሐኪሞቹ መድኃኒቱን ያስቆሙታል፣ ካስቆሙት ይሞትብኛል ብዬ ፈራሁ። ጆሮው ይቅር፣ ነፍሱ ትትረፍ አልኩ። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ በማንም አላሳብብም።

ቶማ የመጣው ከዚያ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ነው። ልብስ አስጥቼ ስመለስ የግቢዬ ቆርቆሮ በር ሊገነጠል ደረሰ።

«ቤቶች! ሳሮ! የቸርነት እናት አሉ?»

«ሳሮ» የወላይታ ሰላምታ ነው፤ ሰው እንዲህ አድርጎ ሲጮህበት ግን ሰምቼ አላውቅም። ወጣሁ። አምሳ የሚሆነው፣ ቀጭን ረጅም ሰው፣ በብብቱ ደብተር ይዞ ቆሟል። ቆሟል ብል ነው እንጂ ትንሽ ይወዛወዛል፤ አንድ እጁ አጥሩን ይዟል። ጠጥቷል ብዬ ነበር።

«ምነው፣ እሳት ተነሣ እንዴ?» አልኩት።

«ይቅርታ እማማ፤ እጮሃለሁ መሰለኝ! መርፌው ጆሮዬን ወስዶታል! ፊትዎን ወደኔ አድርገው ያናግሩኝ፤ እኔ የምሰማው ከንፈር ነው። ልጅዎ ጆሮው ይጮሃል ወይ?»

«ኧረ ቀስ በል፣ አንተ ሰው!»

«ምን?»

ጎረቤቴ አያልነሽ ከአጥሩ በላይ ብቅ አለችና፣ «ፈጠነች፣ ልጅሽ ጆሮው ይጮሃል ወይ ነው የሚልሽ» አለችኝ። ሰፈሩ ሁሉ የሰማውን እኔ ያልሰማሁ ይመስል።

አፈርኩ። እጁን ይዤ ወደ ውስጥ አስገባሁት። «ልጄ ደህና ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩት፣ ከንፈሬን አጥርቼ።

ሳቀ። «ይኸው!» አለ። «ይኸው መጣች፣ ‹ይመስገን› የምትባለው ቃል! እማማ፣ እኔም ስምንት ወር ሙሉ እንደዚሁ ስል ነበር።»

ከደብተሩ ውስጥ አራት እጥፍ የሆነ ካርድ አወጣ። የራሱ የሕክምና ካርድ ነው። ከልጅ ልጄ ጋር መሠረተ ትምህርት እየከለስኩ ስለነበር አነበብኩት። በየወሩ «መስማት» በሚለው ፊት «ደህና» ይላል። ስምንት ጊዜ ደህና። ሰውየው እኮ ፊቴ ደንቁሮ ነው የቆመው።

ነገሩን እንዲህ አድርጎ አስረዳኝ። እኛ አገር ሰው ከሰው ሲገናኝ መጀመሪያ ደህንነት ነው የሚጠየቀው፤ እንዴት ነህ፣ ቤቱ እንዴት ነው፣ ከብቱ፣ እርሻው። የሚጠየቀው ሰው ጥያቄው ሳያልቅ ይመስገን ይላል። ልጁ ሞቶበት እንኳ ቢሆን መጀመሪያ ይመስገን ነው የሚለው። ነርሷ በየወሩ «ጆሮህ ደህና ነው? ትሰማለህ?» ትላለች። እሱ አልሰማም፤ አፏ ሲንቀሳቀስ ያያል፤ ይመስገን ይላል። እሷ ደህና ብላ ትጽፋለች። ትንሽ የሚሰማውም ሰው ቢሆን፣ ፈጣሪ ካተረፈኝ ስለ ጆሮ ማማረር ነውር ነው ብሎ ይመስገን ይላል።

«ማንም አልዋሸም» አለኝ ቶማ። «እሷም አልዋሸችም፤ እኔም አልዋሸሁም። ጆሮዬ ግን ሄደ።»

ከዚያ ደብተሩን ከፈተ። ባለ መቶ ገጽ ደብተር ነው፤ ግማሹ አልቋል። መርፌውን የተወጉ አርባ ሦስት ሰዎች ተጽፈውበታል። አሰባሰቡን ስሰማ ነው የገረመኝ። ቶማ ሥራውን ካጣ በኋላም የአውቶቡስ ረዳቶች ሁሉ ያውቁት ነበር፤ እሱ ነዋ ያሳደጋቸው። ከደብተር ወረቀት ይቀድድና ጥያቄውን ጽፎ ለረዳት ይሰጣል፤ «ገሱባ ስትደርስ ፋርማሲው ጎን ላለችው ሴት» ይለዋል። መልሱ በማግስቱ በሌላ መኪና ይመጣል፤ አንዳንዱ ጭቃ ነክቶት፣ አንዳንዱ ሙዝ ተጠቅልሎበት። መልስ ያልመጣለት ሰው ጋ ራሱ ተሳፍሮ ይሄዳል። የገሱባን መንገድ ታውቁታላችሁ፤ ጤነኛውን የሚያናውጥ መንገድ ነው። መርፌው ሚዛኑንም ስለነካው ወርዶ አጥር ተደግፎ ቆይቶ ነው መራመድ የሚችለው።

የሚጠይቀው ትንሽ ነገር ነው፤ በስንተኛው ወር ጆሮህ ጮኸ፣ ለማን ነገርክ፣ ምን አደረጉልህ፣ ዛሬ ምን ትሰማለህ። አንዷ የገሱባ ሴት ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ አልሰማም፤ ልብሴ ሲርስ ነው የማውቀው ብላለች። አንድ የቦምቤ ሰው ደግሞ፣ «በሬዬን እሰማለሁ፤ ሚስቴን አልሰማም» ብሎ አስጽፏል። ቶማ ይህን ሲያነብልኝ፣ «ይሄንን ሰው ግን ትንሽ እጠረጥረዋለሁ» አለ።

የሚያስቅ ብቻ አልነበረም። ጩኸቱ ሲጀምር የተናገሩትንና መርፌው የተለወጠላቸውን በአንድ ገጽ ጽፏቸዋል፤ አብዛኞቹ ዛሬም ከሰው ጋር ያወራሉ። እስከ መጨረሻው የደበቁትን በሌላ ገጽ ጽፏቸዋል፤ ሃያ አንድ ናቸው፤ ከነሱ ደህና የሚሰሙት ሁለት ብቻ ናቸው። አንዴ የሄደው አይመለስም። በሽታው ለቅቋቸው፣ ሳንባቸው ድኖ፣ ጆሮው እንደሄደ ቀረ።

የፈራሁትን ነገርኩት። መድኃኒቱን ቢያስቆሙበትስ አልኩት።

ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ ለማድረግ ሞከረ። «አያስቆሙም እማማ። መርፌውን ነው የሚለውጡት፤ በምትኩ ክኒን አለ። ክኒኑንማ አንድ ቀን እንዳይስት። ዘማሪን ከቀበሩት አንዱ እኔ ነኝ፤ የልጅዎንም ስም እዚያው ነው የሰማሁት። አቋርጥ የሚለው ሰው ቢመጣ በድንጋይ ነው የማባርረው።»

ቸርነት ከጤና ጣቢያ ሲመለስ አገኘው። አልወደደውም። ቶማ ሲወጣ፣ «ይሄ ደንቆሮ የደንቆሮ ዕድር ሊያቋቁም ነው የሚዞረው? እኔን ይተወኝ» አለ። እኔም ነገሩን ተውኩት።

ያነቃኝ አንድ ባለ ባጃጅ ነው። ሚልክያስ ይባላል፤ የድሮ ደንበኛ። ልጄ አቅም ባገኘ ቀን ከሰዓት ከሰዓት ደጃፋችን ላይ ትንሽ ትንሽ ይሠራ ነበር። ምሳ ይዤለት ስወጣ ሚልክያስ ራሱን ይዞ ቆሟል። ባጃጁ እንደታረደ በግ ብልት ብልቱ ወጥቷል፤ ብሎኑ ሁሉ ጆንያ ላይ ተዘርግቷል።

«ምንድነው ቸርነት? ድሮ በጆሮህ አልነበር እንዴ የምታገኘው? እኔ የምነዳውን ባጃጅ አጥንቱን አሳየኸኝ እኮ!»

ልጄ ሳቀ። የሰማ ሰው ሳቅ አልነበረም። ሰው ሲስቅ አይቶ የሚስቅ ሰው ሳቅ ነበር። ምሳውን አስቀመጥኩ፤ ገብቼ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ነጠላዬን ለብሼ መናኸሪያ ወረድኩ። ለመጀመሪያው የቦዲቲ መኪና ረዳት፣ «ለቶማ የቸርነት እናት ና ብላለች በልልኝ» አልኩት። «ለጯሂው?» አለኝ። ለእሱው አልኩት።

በማግስቱ ጠዋት ሦስታችን ጤና ጣቢያ ሄድን። ቸርነት እየተነጫነጨ ነው። ነርሷ ሲስተር ሰርካለም ትባላለች፤ ደግ ልጅ ናት፤ ብቻዋን የምትሠራው ሥራ ግን የሦስት ሰው ነበር። ቶማን ስታይ፣ «ደግሞ መጣህ? ዛሬ ደግሞ ስለ ማን ልትጮህብኝ ነው?» አለችው።

«ዛሬ አልጮህም ሲስተር፤ እቆማለሁ ብቻ።»

ቸርነት ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። ኮሪደሩ በሰው ተሞልቷል፤ ሕፃን ያለቅሳል። እሷ ካርዱን እያየች፣ «እንዴት አደርክ? ክኒኑ ተስማማህ? ጆሮህስ?» አለች።

«ደህና፤ ይመስገን።»

እስክሪብቶዋን አነሣች። ቶማ እጁን ካርዱ ላይ አሳረፈ። ወደኔ ዞሮ፣ «እማማ፣ እኔ ብናገር ድንጋይም ይሰማኛል። እርስዎ ይጠይቁት። ከጀርባው ይሁኑ። ቤትዎ እንደሚናገሩት ይናገሩ። ይመስገን የማይመለስበትን ነገር ይጠይቁት» አለኝ።

ከልጄ ጀርባ ሄድኩ። አንገቱን አየሁት፤ ቀጥኗል። ምን እንደምጠይቀው ጠፋኝ። አፌ ላይ የመጣውን አልኩ፤ «ቸርነት፣ የአባትህ ስም ማን ነው?»

አልዞረም። ሲስተር ሰርካለም ዓይኗን ጥላበት ስትጠብቅ አየ፤ አንድ ነገር እንደተጠየቀ ገባው።

«ደህና ነኝ» አለ። «ይመስገን።»

ሲስተር እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። ቸርነት ፊቷን አየ፤ ቶማን አየ፤ ዞሮ እኔን አየኝ። ያኔ ገባው። «ምን ብለሽኝ ነው?» አለኝ። ደገምኩለት፤ ከፊቱ ቆሜ።

«ተድላ» አለ፤ እንደ ልጅ።

የዚያን ቀን መርፌውን አልወጋችውም። ደብዳቤ ጻፈች፤ ሐኪም ጋ ደወለች። ክኒኑ ሳይቋረጥ መርፌው ብቻ እስኪወሰን ቆመ። የሚወስኑት ሐኪሞች እስኪሰበሰቡ አሥራ አንድ ቀን ፈጀ። አሥራ አንዱን ቀን ቸርነት አላናገረኝም ማለት ይቻላል። «ሰው ፊት አጋለጥሽኝ» ነበር ያለኝ። እኔም ሳሉ ተመልሶ ይመጣ ይሆን እያልኩ ደረቱን ሳዳምጥ ከረምኩ። ቶማ በየሁለት ቀኑ ይመጣል፤ ቸርነት ባያናግረውም አጠገቡ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። አንድ ቀን ቸርነት ድንገት ጠየቀው።

«አንተ፣ መጀመሪያ የጠፋህ ምንድነው?»

«የስልክ ጥሪ» አለ ቶማ። «ከዚያ የሴቶች ድምፅ። ከዚያ የራሴ። መናኸሪያ ቆሜ ሶዶ ሶዶ እላለሁ፤ ድምፄ ከአፌ ይውጣ አይውጣ አላውቅም። ሰው ሲሳፈር ነው እየጮህኩ እንደሆነ የማውቀው።»

ቸርነት ፊቱን ወደ እሱ አዞረና፣ «እኔ የስልኩ ላይ ነኝ» አለው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጓደኛ ሆኑ።

መርፌው በክኒን ተለወጠ። ጆሮ የሚመረምረው መሣሪያ ያለው ትልቅ ሆስፒታል ስለሆነ ወሰድነው። ጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀምጠው ጆሮው ላይ ነገር አደረጉለት፤ ድምፅ ሲሰማ ቁልፍ ይጫናል። ሐኪሙ ወረቀት አሳየን፤ መስመሩ ደህና ሲሄድ ቆይቶ መጨረሻው ላይ እንደ ገደል ይወርዳል። ቀጫጭኑ ድምፅ ሄዷል፤ አይመለስም አለ። ወፍራሙ አለ። ግን መርፌው ከቆመ በኋላም ጉዳቱ ለጥቂት ጊዜ ሊቀጥል ስለሚችል፣ ከሦስት ወር በኋላና ከስድስት ወር በኋላ ተመለሱ አለን።

ያ ስድስት ወር ለኔ ዕድሜ ልክ ሆነብኝ። በሦስተኛው ወር ሄድን፤ መስመሩ ያው ነው። በስድስተኛው ወር ስንሄድ ቶማም አብሮን ነበር። ሐኪሙ ሦስቱን ወረቀት ደራርቦ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣቸው። ሦስቱም መስመር አንድ ላይ ገጠመ፤ አንድ መስመር ሆነ።

«ቆሟል» አለ። «ከዚህ አይወርድም።»

ቶማ የሐኪሙን ከንፈር አይቶ ነበር። «ቆሟል!» ብሎ ሲጮህ ከሌላው ክፍል ነርሶች ሮጠው መጡ። ለኔ ወንበር አመጡልኝ። ስቄ ይሁን አልቅሼ አላውቅም። ሸክም ተሸክሜ ኖሬ ሲወርድልኝ ነው ክብደቱን ያወቅሁት።

ቶማ በዚያው ሰሞን የዞኑ ጤና ስብሰባ ላይ ዐሥር ደቂቃ ተሰጠው። ማይክ ሰጡት፤ አንዴ ተናገረና አዳራሹ ጆሮውን ያዘ፤ ማይኩን ቀሙት። ያለ ማይክ ደብተሩን አነበበ፤ አርባ አራት ሰው፤ ቸርነት አርባ አራተኛው ነው። እዚያ ምድር ተናወጠ አልልም። አንዳንዱ ባለሙያ ተራ አስከባሪ ስለ መድኃኒት ምን ያውቃል ብሏል። ሲስተር ሰርካለም ግን በማግስቱ ጠረጴዛዋ ላይ «ከጀርባ ጠይቂ» የሚል ወረቀት ለጠፈች። ሌሎችም ከእሷ እያዩ ወሰዱት።

አንዴ፣ ያንተ ጆሮ እንደሁ አይመለስ፣ ምን ያንከራትትሃል ብዬው ነበር። «ቤት ስቀመጥ ሚስቴ ትናገረኛለች፤ አልሰማትም፤ ትቆጣለች። መንገድ ይሻለኛል» አለ። የምሩን መልስ አልሰጠኝም፤ እኔም ደግሜ አልጠየቅሁትም።

የመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ከመሞቱ ሁለት ሳምንት በፊት ነው። ኩላሊቱን አሞት ቤት ውሎ ነበር። ቸርነት በባጃጁ ቦዲቲ ወሰደኝ። ሲስተር ሰርካለም መልእክት ልካልን ነበር፤ ቸርነት አልጋው ጫፍ ተቀምጦ ቀስ እያለ ነገረው። አሁን ለአዲስ ታማሚ ያ መርፌ አይሰጥም፤ ክኒን ብቻ ነው።

ቶማ ከንፈሩን እያየ፣ «ገሱባም?» አለ።

«ገሱባም።»

«ቦምቤስ? ቦምቤን ሁልጊዜ ነው የሚረሱት።»

«ቦምቤም፤ ጠይቄያለሁ።»

«እንግዲያው ሥራ ፈታሁ በለኛ» አለና ሳቀ፤ ሚስቱ ከጓሮ፣ «ምን ሆናችሁ?» እያለች መጣች። እሷም ስትሰማ ሳቀች። ፊቱ ላይ ያየሁትን ዕረፍት በሌላ በሽተኛ ፊት አይቼ አላውቅም።

ስንመለስ መሸት ሊል ነበር፤ ዳሞት ተራራ ላይ ደመና ተኝቷል። ቸርነት ይነዳል፤ እኔ ከኋላው ነኝ። ስለ ሽንኩርት ዋጋ አወራሁት፤ ስለ አያልነሽ ምራት አወራሁት፤ ሚስት አግባ አልኩት፤ «ተይኝ እማዬ» አለኝ። የጭነት መኪና ሲያልፍ ሁለት ጊዜ «ምን?» አለኝ፤ ደገምኩለት። እንዲያ እያወራን ሶዶ ገባን።